አዛዡ ከሩቅ እንዲለይ፦ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የጦር መሪ ሚኒያቸር አቀባብ

ሚኒያቸር፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ የሚሆን ትንሽ የወታደር ምስል፣ ከሚቀቡ ሰዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ተራ ወታደሮቼ ደህና ይወጡልኛል። አዛዡን ግን ሳምንት ሙሉ ለፍቼበት፣ ጠረጴዛው ላይ ሳቆመው ከሰው መሀል ይጠፋብኛል። ምኑን ነው ያበላሸሁት?» ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ልፋቱ የዋለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስንጫወት ሚኒያቸሩን የምናየው ከአንድ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ከዚያ ርቀት ቁልፍና ዘለበት አይታይም። የሚታየው ብርሃንና ጥላ ነው። ስለዚህ አዛዡ ከወታደሮቹ የበለጠ ዝርዝር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የጎላ ንፅፅር ነው። ንፅፅሩ ደግሞ ሦስት ቦታ መከማቸት አለበት፦ ጭንቅላቱ ላይ፣ በሚያመለክትበት እጁ ላይ እና ባንዲራው ላይ። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚህ ነው የሚሠሩት።

ለምሳሌነት የወሰድኩት የፓቪያን ጦርነት ነው። የካቲት ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1525፣ በሰሜን ጣሊያን የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ ጦር የፈረንሳዩን ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊን የማረከበት ነው። የምንቀባው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ሙሉ የብረት ልብስ የለበሰ የንጉሠ ነገሥቱ ወገን ፈረሰኛ አዛዥ። ሌላው ከጎኑ የቆመ ላንድስክኔክት፣ ማለትም ጀርመናዊ ቅጥር እግረኛ፣ ባንዲራ የያዘ። መጠናቸው 28 ሚሊ ሜትር ነው። በ15 ሚሊ ሜትር የምትሠሩ ሰዎች ቅደም ተከተሉን እንዳለ ተከተሉ፤ መካከለኛዎቹን ቀለሞች ግን ዝለሏቸውና ጨለማውንና ብሩሁን ብቻ ያዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ብሩሽ፦ ቁጥር 2 እና ቁጥር 1፣ ጫፋቸው የሚሾል። ተጨማሪ አንድ ያረጀ ጠፍጣፋ ብሩሽ። በጣም ቀጭን ብሩሽ ለመግዛት አትቸኩሉ። የሚይዘው ቀለም ጥቂት ስለሆነ ሚኒያቸሩ ጋ ሳይደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ጫፉ የሚሾል ቁጥር 1 ዓይንም ይሠራል።
- አክሪሊክ ቀለም፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ክሬም፣ ደማቅ ቀይ፣ የጠቆረ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሦስት ዓይነት ቡኒ (የጠቆረ፣ መካከለኛና ወደ ቀይ የሚያደላ)፣ የቆዳ ቀለም፣ የጠቆረ ብር፣ ደማቅ ብር፣ ወርቅ። ቫሌሆና ሲታዴል ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። የሠዓሊዎች የቱቦ አክሪሊክ ብቻ ካገኛችሁም ይሠራል፤ ወፍራም ስለሆነ ግን የበለጠ ማቅጠን ይፈልጋል።
- ዋሽ የሚባለው ቀጭን የጥላ ቀለም፦ ጥቁርና ቡኒ።
- ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚረጭ መነሻ ቅብ፦ ጥቁርና ነጭ ስፕሬይ።
- ቫርኒሽ፦ የሚያብረቀርቅና የማያብረቀርቅ።
- ሱፐር ግሉ እና ነጭ የእንጨት ኮላ።
- ስለታም ምላጭ፣ ትንሽ ሞረድ፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚበሳ የእጅ መሰርሰሪያ እና በዚያው ውፍረት የሆነ ሽቦ።
- ለእጀታ የሚሆን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም የጠርሙስ ቆርኪ፣ ከባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ጋር።
- ክዳን ያለው ዝርግ ዕቃ፣ ስስ ስፖንጅ እና የመጋገሪያ ወረቀት። ስፖንጁን በውሃ አርሱትና ወረቀቱን ከላይ አንጥፉበት። ቀለሙን እዚያ ላይ ስታደርጉት ለሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ያለዚህ ዕቃ ቀለም ማዋሃድ ትርፉ ድካም ነው።
- ሁለት ኩባያ ውሃ፣ አሸዋ፣ ወፍራም ያልሆነ ነጭ ወረቀት።

ጥንቃቄ

የቆዩ የብረት ሚኒያቸሮች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል። ስትሞርዷቸው አቧራው እንዳይነሳ እርጥብ አድርጓቸው፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሬዚን ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩትም እንዲሁ በውሃ ነው የሚሞረዱት፣ አፍና አፍንጫን በማስክ ሸፍኖ። ብሩሽ በምላስ የማሾል ልማድ ካላችሁ ተዉት። ስፕሬይ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ብቻ ይረጫል። ምላጩን ሁልጊዜ ከሰውነታችሁ ወደ ውጭ ግፉት። ልጆች ባሉበት ቤት ሱፐር ግሉና ምላጭ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መነሳት የለም።

ደረጃ 1፦ ማጽዳት

ሚኒያቸሩ ከሁለት ቁራጭ ሻጋታ ስለሚወጣ፣ ሻጋታዎቹ የተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። በምላጩ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ፋቁት፤ ከዚያ በሞረድ አለስልሱት። በተለይ የራስ ቁሩንና የፈረሱን አንገት እዩ። ይህን መስመር ከተዋችሁት በኋላ ዋሽ ስትቀቡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ብረት ልብስ ላይ ሲሆን ደግሞ ምንም አይደብቀውም። ሲያልቅ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡትና ይድረቅ። ከሻጋታው የሚመጣ ቅባት ካልታጠበ ቀለሙ አይይዝም፤ ቆይቶ ይላጣል።

ደረጃ 2፦ መገጣጠም

አዛዡን ፈረሱ ላይ አሁን አታጣብቁት። ለየብቻ ከተቀቡ ኮርቻውም፣ የእግሩ ውስጠኛ ጎንም፣ የፈረሱ ጋማም ይደረሳል። አዛዡን ከታች በኩል ብሱና ሽቦ ሰክታችሁ እጀታ ላይ ትከሉት። ያው ሽቦ በኋላ ኮርቻው ላይ ይሰካል።

የብረት ሚኒያቸር የተዘረጋ ክንድ ካለው በሱፐር ግሉ ብቻ አትመኑት። ክንዱንም ትከሻውንም በ1 ሚሊ ሜትር ብሱና ሽቦ አስገቡ። አዛዥ በጨዋታ መሀል ከሁሉ በላይ በእጅ የሚነሳ ምስል ነው፣ የሚያዘውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ክንድ ነው። የባንዲራው ዘንግ ቀጭን ፕላስቲክ ከሆነ ቆርጣችሁ ጣሉትና በጠንካራ ሽቦ ተኩት።

ደረጃ 3፦ ፕራይመር፣ ጥቁር ከታች ነጭ ከላይ

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ጥቁር እርጩ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ፣ ጣሳውን ከጎን ወደ ጎን እያንቀሳቀሳችሁ፣ በአጫጭር ርጭት። አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁት ቀለሙ ይጠራቀምና የፊቱን ቅርጽ ይሞላዋል። ሲደርቅ ነጩን ከላይ ብቻ፣ ዘንበል አድርጋችሁ፣ በስሱ እርጩ።

ይህን የማደርገው ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ሚኒያቸሩ ራሱ እንዲያሳየኝ ነው። አናቱ፣ ትከሻው፣ የተዘረጋው ክንድ፣ የፈረሱ ጀርባ ነጭ ይሆናሉ። ብብቱ፣ የኮርቻው ሥር፣ የፈረሱ ሆድ ጥቁር ይቀራሉ። ቀለም ስትጀምሩ የምትከተሉት ካርታ አገኛችሁ ማለት ነው። ስልካችሁን አውጡና ከአራት ጎን ፎቶ አንሱት። ነጩ በቀለም ሲሸፈን ፎቶው ያስፈልጋችኋል።

አየር ጠባዩ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ በጣለበት ቀን አትርጩ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያበላሸዋል። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትኖሩ፣ በቀትር ሙቀት ከረጫችሁ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ነው የሚያርፈው፤ ማለዳ ይሻላል። አውሮፓና አሜሪካ በብርዱ ወራት፣ ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት። የፈላ ውሃም ሆነ ምድጃ አጠገብ በፍጹም አይሆንም፤ ጣሳው ይፈነዳል።

ደረጃ 4፦ የብረት ልብሱ

ብረቱን የምንቀባው ቀለሙ ተጠርጎ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ ነው፤ ከእሱ የምንጀምረው ይህ «ደረቅ ብሩሽ» አካባቢውን ሁሉ ስለሚያቆሽሽ ነው። ልብሱን አስቀድማችሁ ከቀባችሁ ድጋሚ መቀባታችሁ አይቀርም።

ብረቱ ያለበትን ቦታ ሁሉ ጥቁር ቀቡ። ከዚያ የጠቆረውን ብር በአሮጌው ጠፍጣፋ ብሩሽ ነክሩና አብዛኛውን ሶፍት ላይ ጥረጉት፤ ብሩሹ ሊደርቅ ሲቃረብ ብረቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላልሱት። ጎልቶ የወጣው ሁሉ ብር ይሆናል፤ መጋጠሚያዎቹ ጥቁር እንደሆኑ ይቀራሉ። ሲደርቅ ጥቁር ዋሽ መጋጠሚያዎቹ ላይ ብቻ አኑሩ። መላ አካሉን በዋሽ አትንከሩት፤ ባለሥልጣን የሚለብሰው ብረት የተወለወለ ነው፣ ዋሹ ደግሞ የጭቃ መልክ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ ደማቁን ብር በሹል ብሩሽ ያዙና ፎቶውን እያያችሁ ነጭ የነበሩት ቦታዎች ላይ ብቻ አስቀምጡ። የራስ ቁሩ አናት፣ የትከሻው ክብ፣ የደረቱ መሀል፣ የጉልበቱ ጫፍ። መጨረሻ ላይ ደማቁን ብር ከነጭ ጠብታ ጋር አዋህዱና የራስ ቁሩ አናት ላይ አንዲት ነጥብ ጣሉ። አንድ ሜትር ላይ ሆኖ ዓይንን የምትጠራው ያቺ ነጥብ ናት።

ወርቅ ጠርዝ ካለው መጀመሪያ ቦታውን መካከለኛ ቡኒ ቀቡት። ወርቅ ቀለም ስስ ነው፤ ጥቁር ላይ ሲቀባ አረንጓዴ መልክ ያመጣል፣ ቡኒ ላይ ግን ይሞቃል።

ለብር ለወርቅ የተጠቀማችሁበትን ብሩሽ በሁለተኛው ኩባያ እጠቡ። ብልጭልጩ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር በዚያው ውሃ ፊት ከቀባችሁ የአዛዡ ጉንጭ ያብረቀርቃል።

ደረጃ 5፦ ልብሱ፣ በተለይ የተሰነጣጠቀው

ሰው ሁሉ የሚፈራው ይሄን ነው። የላንድስክኔክት እጅጌና ሱሪ በቁመቱ ይሰነጠቅና ከውስጥ ሌላ ቀለም ያለው ጨርቅ ይወጣል። የቻርልስ አምስተኛ አያት ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ከተለመደው የአለባበስ ገደብ ነፃ ስላደረጓቸው አንዱ እግር ቀይ፣ ሌላው ቢጫና ነጭ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ገደብ ያስፈልገናል። ለባንዲራ ያዡ ሦስት ቀለም ምረጡ፣ ከሦስት አትለፉ። እኔ ቀይ፣ ቢጫና ክሬም እወስዳለሁ። ቀለም ሲበዛ ከሩቅ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የሚቀረው ግራጫ የመሰለ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀ. እጅጌውን በሙሉ የጠቆረ ቡኒ ቀቡት። ይህ ቡኒ መጨረሻ ላይ በሁለቱ ጨርቆች መሀል እንደ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ለ. ከውስጥ የሚወጣውን ጨርቅ ክሬም ቀቡ። ስንጥቁ መሀል ላይ ብቻ፤ ጠርዙ ላይ ቡኒው ፀጉር ያህል ይታይ።

ሐ. ውጫዊውን ጨርቅ በጠቆረው ቀይ ቀቡ። እዚህም ጠርዙን አትንኩት። ብሩሹን ከላይ ወደ ታች በአንድ ትንፋሽ ሳቡት፤ ቆረጥ ቆረጥ ካደረጋችሁት መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

መ. ደማቁን ቀይ በየቀዩ ጭረት የላይኛው ግማሽ ላይ ብቻ አክሉ። ትከሻው አካባቢ ትንሽ ቢጫ ጠብ አድርጉበት። ቀይን በነጭ ካደመቃችሁት ሮዝ ይሆንባችኋል፤ ቢጫ ግን ቀይነቱን ሳያጠፋ ያደምቀዋል።

ሠ. ክሬሙ ላይ በጣም ጎልቶ በወጣው ጫፍ ንጹህ ነጭ።

ቡኒው መስመር ከተሸፈነባችሁ አትጨነቁ። ቡኒውን ዋሽ በሹል ብሩሽ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ስታስኬዱት ይመለሳል።

ቀለሙ ሁልጊዜ ወተት ያህል ይቅጠን። አንድ ወፍራም ቅብ የጨርቁን እጥፋት ይደፍነዋል፤ ሁለት ቀጭን ቅብ እጥፋቱን ሳይነካ ያው ድምቀት ይሰጣል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከደረባችሁ ግን ከሥር ያለውን ይነቅለዋል።

የአዛዡ ልብስ ይቀልላል። ከብረቱ በላይ ቀይ መታጠቂያ ወይም ቀይ መስቀል አድርጉለት፤ የንጉሠ ነገሥቱ ወገን መለያ ቀይ ነው። የፈረንሳይ ጦር የምትሠሩ ከሆነ መለያው ነጭ መስቀል ነው። ፓቪያ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች በጨለማ እንዲተዋወቁ ከብረታቸው በላይ ነጭ ሸሚዝ ደርበው ነበር። ያን መሥራት ከፈለጋችሁ ሸሚዙን በነጭ አትጀምሩ። ግራጫና ቡኒ የተዋሃደበት ቀለም ከታች፣ ክሬም ከላይ፣ ነጩ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ። በነጭ ከጀመራችሁ የሚደምቅበት ቦታ አይተርፍለትም።

የራስ ቁሩ ወይም ባርኔጣው ላይ ያለው ላባ የተለየ ቀለም ይሁን። ነጭ ወይም ቢጫ ላባ፣ ሥሩ ቡኒ ዋሽ፣ ጫፉ ንጹህ ነጭ። ላባ ከሁሉ በላይ ያለ ነገር ስለሆነ ከላይ ለሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ቀለም መምረጥ ሲቸግራችሁ ኔፕልስ ካፖዲሞንቴ ሙዚየም ያሉትን ሰባት የፓቪያ የግድግዳ ጨርቆች ፎቶ ፈልጉና እዩ። ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ብራስልስ የተሸመኑ ናቸው። የፈረስ ልብስ፣ ላባ፣ የተሰነጣጠቀ እጅጌ፣ ሁሉም በቀለሙ አለ።

ደረጃ 6፦ ፊት

ቅደም ተከተሉ ከጠበቃችሁት የተገላቢጦሽ ነው፤ ዓይን መጀመሪያ። የዓይኑን ጉድጓድ በጠቆረ ቡኒ ሙሉት። መሀሉ ላይ ክሬም አግድም ጭረት አስቀምጡ። ንጹህ ነጭ ከሆነ የደነገጠ ያስመስለዋል። ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ጣሉበት። አሁን ከላይና ከታች የተረፈውን በቆዳ ቀለም እየሸፈናችሁ ቅርጹን አስተካክሉት። ዓይንን በመጨረሻ ከቀባችሁ ስህተቱን ለማረም ፊቱን ሁሉ ድጋሚ መቀባት ይመጣል። ዓይን አልሆነላችሁም? የቅንድቡ ሥር ጥቁር ቡኒ ጥላ ብቻ ተዉለት። ከአንድ ሜትር ልዩነቱ አይታወቅም።

ለነጣ ቆዳ፦ ቀይ ቡኒ ከሥር፣ የቆዳ ቀለም ከላይ፣ ከዚያ የቆዳ ቀለም በክሬም ደምቆ አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ግንባርና አገጭ ላይ። የታችኛው ከንፈር ላይ ቀይ ቡኒ ትንሽ።

ለጠቆረ ቆዳ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «ቡኒ ቀቡና ዋሽ አድርጉበት» ብሎ ያልቃል። ውጤቱም ገጽታ የሌለው ፊት ነው። ይሄ ለእኛ አንባቢ በተግባርም ያስፈልጋል፦ ዶን ክሪስቶቮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1541 ምፅዋ ላይ 400 ያህል ፖርቹጋሎች ይዞ የወረደበት፣ በኋላም ፖርቹጋሎቹ ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን የተሰለፉበት ዘመቻ በዚሁ ዘመን ጨዋታ ውስጥ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የጠቆረ ቡኒ ከሥር። ቀይ ቡኒ ጉንጭ፣ አፍንጫና ግንባር ላይ። ከዚያ ቀይ ቡኒው ውስጥ የቆዳ ቀለም ጨምራችሁ የአፍንጫ ጫፍ፣ የጉንጭ አጥንትና ግንባር ላይ በትንሹ። ነጭ አትጨምሩበት፤ አመድ የነካው ያስመስለዋል። የመጨረሻው ድምቀት ከነጣ ቆዳው ይልቅ ጠበብ ይበል፣ ጎላ ግን ይበል። ጢሙና ፀጉሩ ጥቁር ሳይሆን እጅግ የጠቆረ ቡኒ ይሁኑ፣ ያለዚያ ከቆዳው ጋር ይዋሃዳሉ።

የሚያመለክተው እጅ ከፊቱ እኩል ደማቅ ይሁን። ጓንት ካለው ክሬም ወይም ፈካ ያለ ቆዳ መሰል ቀለም ስጡት፤ ጥቁር ጓንት ምልክቱን ይገድለዋል።

ደረጃ 7፦ ፈረሱ

ፈረሱ ከአዛዡ መድመቅ የለበትም። ዳማ ፈረስ ለዚህ ተስማሚ ነው። መካከለኛ ቡኒ መላ አካሉን ቀቡ፣ በቡኒ ዋሽ ሸፍኑ፣ ሲደርቅ ቀይ ቡኒ በደረቅ ብሩሽ ጀርባው፣ ታፋውና አንገቱ ላይ አመላልሱ። ጋማው፣ ጭራውና ከጉልበቱ በታች ያለው እግር ጥቁር። ቦራ ልታደርጉት ከፈለጋችሁ ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ በክሬም ጀምሩ፣ ጠርዙን በአጫጭር ጭረት ሰባብሩት፤ ፀጉር ነው እንጂ በማስመሪያ የተሰመረ አይደለም። እግሩ ነጭ ከሆነ ሰኮናውም ፈካ ያለ ነው፤ እግሩ ጥቁር ከሆነ ሰኮናው የጠቆረ።

አምባላይ ፈረስ ያምራል፣ ግን ከነጭ ላባና ከነጭ ሸሚዝ ጋር አንድ ላይ ሲሆን ሰውዬው ይጠፋል። ሁለቱን አታገናኙ።

ልጓምና ዛብ ቀይ ወይም ጥቁር። እርካቡና የፈረሱ የፊት ብረት ደረጃ 4 ላይ እንዳለው። አሁን አዛዡን ኮርቻው ላይ በሽቦውና በሱፐር ግሉ አስቀምጡት።

ደረጃ 8፦ ባንዲራው

የላንድስክኔክት ባንዲራ በጣም ትልቅ ነው፤ አትሳሱ። በ28 ሚሊ ሜትር 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ያምርበታል።

1. ወረቀቱን 10.5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። መሀል ላይ ያለው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዘንጉን የሚጠመጥም ነው።
2. ሁለቱም ጎን ላይ በእርሳስ ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት መስመር አስምሩ። በመስመሮቹ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስቀል ሥሩ። ይህ የቻርልስ አምስተኛ ወገን ምልክት የሆነው የቡርጎኝ መስቀል ነው፤ ቅርንጫፉ የተቆረጠ ግንድ ስለሚመስል በየጎኑ እያፈራረቃችሁ አጫጭር ጉጦች አውጡለት።
3. መደቡን ክሬም ወይም ቢጫ፣ መስቀሉን ቀይ ቀቡ። ቀለሙ ላይ ውሃ አታብዙ፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል።
4. ሲደርቅ ገልብጡትና ጀርባውን በሙሉ ነጭ ኮላ ቀቡ። ዘንጉን መሀል ላይ አስቀምጡ፣ እጠፉት፣ ጠርዝ ከጠርዝ ይግጠም።
5. ኮላው እርጥብ እያለ እርሳስ ላይ እየጠመዘዛችሁ ሞገድ ስጡት። ጠፍጣፋ ባንዲራ ብርሃኑን እኩል ስለሚመልስ የወረቀት ቁራጭ ይመስላል።
6. አብዛኛው ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው፦ ሲደርቅ ሞገዱ የገባበት ቦታ ላይ የቀጠነ ቡኒ፣ የወጣበት ላይ ደግሞ ደመቅ ያለውን ቀለም አክሉ። በማተሚያ የወጣ ባንዲራ ብትጠቀሙም ይህን አትተዉ።
7. የወረቀቱን ነጭ ጠርዝ በየቀለሙ ሸፍኑት።

ደረጃ 9፦ መቆሚያው

የመቆሚያውን መጠን የምትጫወቱበት ሕግ ይወስነዋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት እዩት። ገደብ ከሌለው ለአዛዥና ለባንዲራ ያዥ 60 ሚሊ ሜትር ክብ ይበቃል። ነጭ ኮላ ቀቡ፣ አሸዋ ነስንሱ፣ ሲደርቅ የጠቆረ ቡኒ፣ ከዚያ ፈካ ያለ ቡኒ በደረቅ ብሩሽ። ሣር ካላችሁ በትንሹ። ከሠራዊቱ መቆሚያ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ አዛዡ የሚለየው በራሱ ነው፣ በቆመበት መሬት መሆን የለበትም።

ደረጃ 10፦ ቫርኒሽ

አንድ ሌሊት ይደር። መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ጠንካራው ሽፋን እሱ ነው። ሲደርቅ የማያብረቀርቀውን ከላይ። ማብረቅረቁ ካልጠፋ የመብራት ነጸብራቅ የደከማችሁበትን ጥላ ሁሉ ይበላዋል። የማያብረቀርቀው ቫርኒሽ ግን ብረቱንም ያደበዝዘዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የብረት ልብሱን ብቻ በሚያብረቀርቀው መልሳችሁ ንኩት።

እርጥበት ባለበት ቀን የተረጨ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ይሠራል። መጀመሪያ የማትሳሱለት ሚኒያቸር ላይ ሞክሩት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ሁሉንም ነገር እኩል ማድመቅ።* ቦት ጫማው ላይ ያለው ድምቀት ከፊቱ ጋር ከተፎካከረ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ከወገብ በታች ያለውን አንድ ደረጃ ቀንሱ።

*ሚኒያቸሩን ከአፍንጫ ሥር ይዞ መቀባት።* በየደረጃው ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ክንድ ሁለት ክንድ ያህል ራቁ። ወይም በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፊቱና ባርኔጣው በፎቶው ላይ ተመሳሳይ ግራጫ ከሆኑ፣ ቀለማቸው ቢለያይም ከሩቅ አይለዩም።

*ብሩሹን እስከ ብረት አንገቱ መንከር።* ቀለሙ እዚያ ይደርቅና ፀጉሩን ይከፍተዋል። ግማሽ ድረስ ብቻ።

*ዋሽ ሳይደርቅ መነካካት።* ጠርዙ ላይ ቀለበት ይሠራል። ከተጠራቀመ ገና እርጥብ እያለ በንጹህ ብሩሽ ምጠጡት፤ መድረቅ ከጀመረ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

*ተስፋ ቆርጦ ቀለሙን ማጠብ።* የብረት ሚኒያቸር በአይሶፕሮፒል አልኮል ይለቃል፣ ግን መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ከባርኔጣው ጠርዝ ሥርና ከአንገቱ ዙሪያ የጠቆረ ቡኒ መስመር አስገቡ። አፍንጫው፣ ላባውና የእጁ ጀርባ ላይ አንድ ደረጃ የደመቀ ቀለም ጨምሩ። መልሳችሁ ከሠራዊቱ መሀል አቁሙትና እዩት። ከዚህ በኋላም ካልታየ፣ ያኔ አልኮሉን አውጡ።